ጋሼ አድማሱን ያስገለጥኩ ቀን

የአድማሱን ሞት የሰማሁት ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ የኮመጠጠ ኪያር የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆሜ ነው። የደወለችልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የባዬ ሚስት ናት። «እትዬ ትርንጎ፣ ጋሼ አድማሱ አረፉ እኮ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ መኪናችን ውስጥ ቦታ ይዘንልሻል» አለችኝ። «ነፍስ ይማር። እኔ ግን ጉልበቴን ስለሚያመኝ አልመጣም» አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነው። በየማለዳው ከሰፈሬ ከሺምሾን እስከ ባሕሩ በእግሬ ደርሼ የምመለስ ሴት ነኝ። እሷም ይህን ስለምታውቅ «እሺ በቃ» አለችና ዘጋችው። በእጄ የያዝኩትን ጠርሙስ ወደ መደርደሪያው መለስኩ። ለልጅ ልጄ ልገዛ ነበር እንጂ እኔስ ከዚያ ሚፍዓል፣ ከዚያ ፋብሪካ፣ ከወጣሁ ወዲህ የኮመጠጠ ኪያር አፌ አስገብቼ አላውቅም። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው፤ ሽታው ግን መጣብኝ፤ ኮምጣጤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እርጥብ ጓንቱ፣ ከሁሉም በላይ የአድማሱ ሲጋራ።

ሰው ሲሞት ክፉው ይረሳል ይላሉ። ማን እንደሚረሳው እንጃ። በሕይወቱ ሳለ ፊት ለፊት «ጋሼ» ብዬዋለሁ፣ «አንቱ» ብዬዋለሁ፤ አሳዳጊ የበደላት እንዳልባል። አሁን ግን እሱም የለም፣ ወረቀቱም የራሴ ነው፤ ስለዚህ አድማሱ እለዋለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ዲ፣ በቃ፣ የሠላሳ ዓመት ነገር ነው፤ ልቀቂው» ይሉኛል። የሠላሳ ዓመት ነገር ከሆነ ምን ቸኮለባቸው? ቂም እንደ እርሾ ነው፤ ከድነው ካስቀመጡት አይበላሽም።

ያኔ ከአዲስ አበባ በመጣን በዓመቱ ግድም ነው። እኔና እናቴ፣ ወንበሩ ተነቅሎ በወጣ አውሮፕላን ወለል ላይ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን መጥተን፣ አሽቀሎን መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ መጤ በሚያርፍበት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ሰጡን። ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ሰው ያን ዘመን ሲያነሳ «ፍቅር ነበረ፣ መተሳሰብ ነበረ» ይላል። ፍቅርማ ነበረ፤ ግድግዳው ስስ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ነበረብን። ልብሳችን ሁሉ የሰው ልብስ ነው። ሰዎች በከረጢት እያመጡ ደጃፍ ላይ ያራግፉታል፤ ደርሰን የያዝነውን እንለብሳለን። ባዬ የሴት ካፖርት ለብሶ አንድ ሙሉ ብርድ አሳልፏል፤ ቁልፉ በግራ መሆኑን የነገረው አልነበረም። እኔ ትከሻው እንደ ትራስ ያበጠ ቀይ ኮት ነበረኝ፤ ያኔ ዘመናይ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ደግሞ በነጠላዋ ላይ በበረዶ የሚንሸራተት ሰው የተሳለበት ሰማያዊ ጃኬት ትደርባለች። «ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚሮጠው?» ትለኝ ነበር ደረቷን እያየች።

በገበያ ቀን ወደ አሮጌው ሰፈር ወደ ሚግዳል እወርዳለሁ። ማለዳ የሚሄደው ሞኝ ነው፤ ዋጋ የሚወድቀው ሻጮቹ ድንኳናቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ የላመ ቲማቲም ከረጢት ሙሉ በአንድ ሼቄል ይሰጡሻል፤ አንዳንዴም «ውሰጂው፣ ሂጂልኝ» ይሉሻል። በገበያው መግቢያ አንዱ ጥግ የሞሮኮዎቹ ካሴት ሻጭ ድምፁን ለቆ ያለቅሳል፤ ከሱ ማዶ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የኛው ሰው የጎንደር ካሴት ይሸጣል። ካሴቱ ከካሴት ላይ ተገልብጦ ተገልብጦ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። እኛ ግን እንገዛው ነበር። ዛሬ ያ ጥግ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ። ባለፈው ሳልፍ ልጁ «ሳቭታ፣ ምን ፈለግሽ?» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። የፈለግሁትን ብነግረው አይኖረውም።

አድማሱ በዚያ ሁሉ መካከል ጌታ ነበር። አገር ቤት ሃምሳ አለቃ የነበረ፣ ረጅም፣ ድምፁ ከወገቡ የሚወጣ ሰው። ፍራሽ ሲታደል ሰልፉን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ማን ሾመው? ማንም። ጮኸ፣ ሰው ተሰለፈ፣ አለቃ ሆነ፤ በቃ። ከባሌ ተለያይቼ መምጣቴን ያወቀ ቀን በሰልፉ መካከል «እስቲ ፈቶቹ ወደ ኋላ!» አለ። ሰው ሳቀ። ሰልፉ ላይ የነበረችው ፈት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን ነው የጀመርኩት እሱን መጥላት፤ ተጣድፌ አይደለም፣ ቀስ ብዬ ነው።

ሥራ ሲገኝ ደግሞ አብረን ወደቅን። ኪያርና ቃሪያ በኮምጣጤ እየቀመመ በጠርሙስ የሚያሽግ ሚፍዓል ነው፤ ዛሬ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እሰየው። የኛ ክፍል ማጠቢያው ነው። በክፍሉ ሁሉ የሚከፋው ገንዳው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስከ ክርን ገብቶ ኪያር መፈተግ። ጓንቱ ይቀደዳል፣ ውሃው ይገባል፣ ጣት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ኮምጣጤ። የክፍሉ አለቃ ማዛል የምትባል ሴት ነበረች። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ «ልቧ ግን ደግ ነበር» ይባላል፤ አልነበረም። ትርንጎ ማለት ስለከበዳት ታማር ብላ ሰየመችኝ፤ አድማሱን ግን በስሙ ትጠራዋለች። «በገንዳው ማን እንደሚቆም እናንተ ተስማሙ፤ እኔ ጭቅጭቅ አልፈልግም» አለችን። ስምምነቱን ያመጣው አድማሱ ነው። በካርታ።

እኔ ካርታ አልፈራም። አዲስ አበባ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ፣ ቀኑ አልመሽ እያለን፣ በተከራየነው የጭቃ ቤት ከጎረቤት ልጆች ጋር ኮንከር ስጫወት ነው የከረምኩት። አድማሱ ያመጣው ግን ፖከር ነው፤ ጦር ሰፈር ውስጥ ከመኮንኖች የተማረው። ጨዋታው ቀላል ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ ያልተፈለገው አንዴ ይቀየራል፣ ከዚያ በየተራ ማስያዝ ነው። የፈራ ጥሎ ይወጣል፤ ያልፈራ እኩል አስይዞ «ይገለጥ» ይላል፤ ጥሩ ካርታ ያለው ይወስዳል። ገንዘብ አናስይዝም፤ ገንዘብ ማን ነበረው? የምናስይዘው የጠርሙስ ክዳን ነው። አንድ አረንጓዴ ክዳን ማለት አንድ ቀን ገንዳው ላይ መቆም ነው። የተበላ ለበላው ይቆምለታል።

አድማሱ ገንዳው ላይ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ካርታ አዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ካርታውን አያየውም እኮ! ይሰጡታል፣ ጠረጴዛው ላይ ይመታዋል፣ «ጨምሬአለሁ!» ይላል። እንደገና ይጨምራል። ሌላው ሲያመነታ ዐይኑን አፍጥጦ «ይዣለሁ!» ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይጥላሉ። በሌላው ጠረጴዛ የሚጫወቱት ሩሲያዎች ይስቁብን ነበር። «ለምን አታስገልጡትም?» ይላሉ። እንዴት ብለን እናስረዳቸው? ትልቅ ሰው በአፉ «ይዣለሁ» ካለ በኋላ «እስቲ ይገለጥ» ማለት፣ በሰው ፊት «ዋሽተሃል» ማለት ነው። በኛ ቤት ይህ አይባልም። አባት ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ነገር ይወለዳል። ስለዚህ ሦስት ጃክ የያዘ ጎረምሳ ጭንቅላቱን ደፍቶ «ጋሼ ካሉ አላቸው ነው» ብሎ ካርታውን ይጥላል። አድማሱ ይህን ያውቃል። የሚጫወተው በካርታ አልነበረም፤ በአስተዳደጋችን ነው የሚጫወተው።

ስግድ፣ ጾመን ተራራ ወጥተን ወደ ኢየሩሳሌም የምንሰግድበት በዓላችን፣ ሲቃረብ ነገሩ መረረ። አሁን ስግድ በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ ልጆቹ ባንዲራ ለብሰው ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ እየዘፈኑ ይሳፈራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ያኔ ግን ለማዛል ስግድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ባዬ በእብራይስጥና በእጁ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። እሷም በመጨረሻ «ከማጠቢያው አንድ ሰው ይሂድ፤ ኪያሩ በዓል አያውቅም» አለች። አንድ ሰው። ዕጣ ተጣጣልን፤ ለባዬ ወጣ። ባዬ ምስኪን፣ ክፋት የሌለው ልጅ ነው፤ ወዲያው ወደኔ መጣና «ትርንጎ፣ ቀኑን ላንቺ ልስጥሽ። እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ» አለኝ። እጁን ስሜ ላመሰግነው ምን ቀረኝ።

ምክንያቱም የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ፊቷን ወደ ኢየሩሳሌም አዙራ ስትሰግድ የኖረች ሴት ናት። በመንደራችን ለስግድ ከቄሶቹ ጋር ጾማ፣ ድንጋይ በትከሻዋ ይዛ ተራራ ትወጣ ነበር። አሁን ኢየሩሳሌም አንድ አውቶቡስ ቀርቷታል፤ ግን እግሯ ሞተ። ከአልጋ እስከ በር በግድግዳ ነው የምትሄደው። ብቻዋን አውቶቡስ አትወጣም፣ የሚሰገድበትን ኮረብታ አትወጣም። ወንድሜ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከኔ በቀር የሚይዛት ሰው የለም። ቀኑን አገኘሁ ስላት ጃኬቷን አስመጥታ አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ በዓሉ ገና ሳምንት ሲቀረው።

ባዬ ቀኑን በቀይ ክዳን ምልክት አድርጎ፣ የቃሪያው ጠርሙስ ክዳን ነው፣ ኪሱ ከቶት ነበር። ሊሰጠኝ ያሰበው በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ነው። በምሳው ሃፍሳካ፣ በዕረፍታችን፣ ግን እንደ ልማዱ ካርታ ተቀመጠ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ነው ነገሩ። ጥሩ ካርታ መጣለት፤ ክዳኑን ሁሉ አስያዘ። አድማሱ እጥፍ ጨመረ። «ክዳን ካለቀብህ ቀዩን አምጣው» አለው። ባዬ ቀዩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አድማሱ የነበረውን በሙሉ በሁለት እጁ ገፍቶ «ይዣለሁ!» አለ። ባዬ አየኝ፣ እሱን አየ፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አሰበና ካርታውን ጣለ። ካርታውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። የባዬ ሦስት ንጉሥ ነበር። የአድማሱን ገልብጬ አየሁት፤ ጥንድ እንኳ የለውም።

አድማሱ ለስግድ ሊሄድ ፈልጎ አይምሰላችሁ። ለመጾሙም እንጃ። ወደ ገንዳው መጥቶ ከጎኔ ቆመና «ቀኑን የምትፈልጊው ላሮጊቷ ነው አሉ። መለመን ታውቂ የለም እንዴ? እስቲ ለምኚኝ» አለኝ። እጄ ውሃ ውስጥ ነበር። «አልለምንም ጋሼ። እጫወታለሁ» አልኩት። ሳቀ። «ምን ታስይዣለሽ?» አለኝ። «እስከ ፋሲካ ድረስ ገንዳው ላይ እኔ እቆማለሁ፤ በሁላችሁም ፈንታ» አልኩት። ባዬ «ዲ፣ ትርንጎ!» ብሎ እጄን ያዘኝ። አድማሱ ግን ወዲያው ተቀበለ። ቶሎ የሚቀበል ሰው ነበር፤ ደዌው እሱ ነው።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። እንደሱ ካለ ሰው ጋር ሁሉም የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ይፈራውና ያለውን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። ሌላው ይናደድና እልህ ገብቶ ሲጨምር ይጨምራል፣ በማይረባ ካርታ ይወድቃል። ጯሂን በጩኸት አታሸንፊውም። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። አንደኛው፣ ባዶ ሲመጣልኝ ሳልቆጭ መጣል፤ ትንሽ ትንሽ ይብላኝ። ከዚያ፣ ደህና ካርታ ሲመጣልኝ አለመጨመር። ከጨመርኩበት ይነቃል። እኩል እያስያዝኩ ዝም ማለት፤ መጨመሩን ለሱ መተው። እሱ ራሱ ጉድጓዱን ይቆፍር። ደግሞ ሦስት ንጉሥ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከአስር አምስቴ ስድስቴ ባዶ ለሆነ ሰው መካከለኛ ካርታ ይበቃዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ «ይገለጥ» የሚል አፍ። እሱን ልለማመድ ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለራሴ በሹክሹክታ አልኩት። እናቴ «ምን አልሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

በነጋታው ተቀመጥኩ። እኔ ትልቅ ሰው ፊት ዐይን አይነሳም ተብዬ ነው ያደግሁት። የመርካዝ ክሊታዋ ማሕበራዊ ሠራተኛ «ለምን ዐይኔን አታይኝም? የምትደብቂው አለ?» እያለች ታስጨንቀኝ ነበር። ለካርታ ግን ተመቸኝ። አድማሱ የሰው ፊት አይቶ ነው የሚበላው፤ የባዬን ጆሮ ያነባል፣ የሌላውን ጉሮሮ ያያል። የኔን ምን ያንብብ? ጭንቅላቴን ደፍቻለሁ፤ የሚታየው ሻሼ ብቻ ነው። ያየኝ አክባሪ ልጅ ነው የሚለኝ። በዚያን ቀን አብዛኛውን ጣልኩ። በማግስቱም ጣልኩ። አረንጓዴ ክዳኖቼን እየለቀመ «ፈት ካርታ አይቀናትም፤ ባል ያልቀናት» አለ።  ካርታዬ ጥንድ ሁለት ስለነበር ጣልኩት። እሱ በየጊዜው እየደፈረ፣ ድምፁ እየጨመረ፣ ጠረጴዛውን መምታት እስኪታክተው መታው። ባዬ በጆሮዬ «አለቀልሽ» ይለኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩት።

የመጨረሻው ሃፍሳካ የስግድ ዋዜማ ነበር። ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ አድማሱ ከወትሮው አብልጦ መጮህ ነበረበት። አምስት ካርታ መጣልኝ፤ ሁለት ዘጠኝ፣ ሁለት አራት። አንዱን ቀየርኩ፣ የረባ አልመጣም። ሁለት ጥንድ፤ የሚዘፈንለት ካርታ አይደለም፤ ግን ለዚህ ሰው በቂ ነው ብያለሁ። አድማሱ ሦስት ካርታ ቀይሮ ሳያይ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ጨምሬአለሁ!» እኩል አስያዝኩ። «ጨምሬአለሁ!» እኩል አስያዝኩ። ባዬና ሌላው ልጅ ጣሉና ወጡ። አሁን እኔና እሱ ነን። ክዳኑን በሙሉ ገፋው። ቀዩንም ከኪሱ አውጥቶ ከላይ አስቀመጠው፣ እንደ ዘውድ። «እስከ ፋሲካ ብለሻል አይደል? በይ!»

«ብያለሁ ጋሼ» አልኩ፣ ጠረጴዛውን እያየሁ።

«ይዣለሁ!» አለ።

ካርታዬን አልጣልኩም።

«ትርንጎ፣ ይዣለሁ እኮ ነው የምልሽ። እኔ አድማሱ!»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ይግለጡ።»

 ሩሲያዎቹ እንኳ ካርታቸውን አቆሙ። አድማሱ እጁን ካርታው ላይ ጭኖ አየኝ፤ እኔ ዐይኔን አላነሳሁም። «ልጄ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ልጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ «ልጄ፣ ይቅርብሽ። ውሰጂው ቀዩን። አታስገልጭኝ።» እንግዲህ ይህን ሰዎች ሁሉ ይጠይቁኛል፤ ለምን ያን ጊዜ ክዳኑን ወስደሽ አልተነሳሽም ይሉኛል። በሰልፉ መካከል «ፈቶቹ ወደ ኋላ» ሲለኝ እኔን ማን ሸፈነኝ? እጄን ዘርግቼ ከመዳፉ ሥር ካርታዎቹን አንድ በአንድ ሳብኳቸው፤ አንድ በአንድም ገለበጥኳቸው። ሰባት። ጃክ። ሁለት። አስር። አምስት። አንዱ ከአንዱ የማይተዋወቅ። በሩ ላይ ቆማ እርጎ ስትበላ የነበረችው ማዛል አጨበጨበች። «ኮል ሃካቮድ፣ ታማር!» ጎሽ ማለቷ ነው። ከኛ ሰው ግን የሳቀ የለም። አድማሱ ተነሣ፣ ምሳውን ሳይበላ ወጣ፣ ያን ቀን ደግሞ ማንም ሳይለው ሄዶ ገንዳው ላይ ቆመ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ መርካዝ ክሊታ ገብቷል። ከሥራ ስመለስ ሦስት ሽማግሌዎች የእናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። «ልጅሽ የአባቷን እኩያ በአሕዛብ ፊት ዋሾ አለችው» አሉ። «ዋሾ አላልኩም፤ ካርታ ነው የገለጥኩት» አልኩ። «ልዩነቱ ምንድነው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልዩነት አልነበረውም። ስግድ ሊገባ ነው፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ስለዚህ ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ ሄጄ ይቅርታ እንድል ፈረዱ። «የዋሸው እሱ፤ ድንጋይ የምሸከመው እኔ?» አልኳቸው። አንዱ ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። ወጡ።

እናቴ እስኪርቁ ጠበቀች። «ልጄ» አለችኝ፣ «አድማሱ ውሸታም መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔም አውቃለሁ። እነሱም ያውቃሉ። እሱ ራሱ ያውቃል። መግለጡ ምን አስፈለገሽ?» እኔም «ላንቺ ነው እኮ! አንቺ እንድትሄጂ!» ብዬ ጮኽኩባት። «የሰው ፊት ረግጬ አምላክ ፊት አልቆምም» አለች። «ሂጂና ይቅር በሉኝ በይው፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን።» አልሄድም አልኩ። ለመነችኝ። አልሄድም አልኩ። ዛሬም ያን በር ቢያሳዩኝ አልሄድም። ቀዩ ክዳን ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ወረደች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። በመስኮት አያታለሁ፤ ግድግዳው ሲያልቅ አጥሩን ይዛ፣ አጥሩ ሲያልቅ በዝናቡ መካከል ምንም ሳትይዝ፣ ግቢውን አቋርጣ የአድማሱን በር አንኳኳች። ሲከፍት ክዳኑን በሁለት እጇ ሰጠችው። ምን እንዳለችው ያን ጊዜ አልሰማሁም፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። «ልጄ በድላሃለች። ቀኑ ያንተ ነው። አንተ ውሰደኝ» ነው ያለችው።

ወሰዳት። በስግድ ቀን እኔ ገንዳው ላይ ነበርኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ስግድ አላየችም፤ የሚቀጥለው ከመድረሱ በፊት በጋው ላይ ሞተች። ለቅሶዋ ላይ አድማሱ ከፊት ተቀምጦ፣ እንዴት አድርጎ እንዳዘላት፣ ኮረብታውን እንዴት እንደወጣ ለመጣው ሁሉ ሲያወራ እኔ እሰማ ነበር። ሰውም «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። በካርታ በልቼዋለሁ፤ ያየ የመሰከረ አለ። እሱ ግን ካርታ በሌለበት ቦታ በላኝ፤ በእናቴ እጅ በላኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምምረው?

ያን የስግድ ቀን ማታ አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም በር ላይ ቆሜ ነበር። አድማሱ ቀድሞ ወረደ፣ ደረጃው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ፤ እናቴ አንገቱን አቀፈችው። ነጠላዋ በወታደር ካፖርቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ጃኬቷ ላይ ያለው ሰውዬ ተጣጥፎ፣ አልፈውኝ ገቡ። አላየኝም። አልጋዋ ላይ አስቀመጣትና «እንዳይበርዳት» ብሎ ወጣ። «እንደ ልጅ አዘለኝ» አለች እናቴ። «ሽቅቡን ሁሉ። አላስቀመጠኝም። አየሁት ልጄ፣ ሁሉንም አየሁት።» መንገድ ሄዶ ለመጣ ትልቅ ሰው ውሃ አሙቆ መጠበቅ ወግ ነውና፣ እኔም ብቆጣም ውሃ አሙቄ በሳፋ አዘጋጅቼ ነበር። ተንበርክኬ ጫማዋን አወለቅሁ። እግሯ ንጹሕ ነው፤ አንድ ቅንጣት አቧራ የለበትም። «መሬት አልረገጥኩም እኮ» አለችኝ፣ እንደ ልጃገረድ እየሳቀች። ሳፋውን አንስቼ ውሃውን ደጅ ደፋሁት።